እግሬን ላጠበችኝ ልጅና ፎቷቸውን ለሰጡ ሰዎች

በፍራንክፈርትና በዙሪያዋ ላላችሁ ወገኖቼ፣ ከአዲስ አበባም ስትደውሉልኝ ለከረማችሁ ሁሉ፦

ባለፈው እሑድ ያለ ክራንች ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ብዙዎቻችሁ በር ላይ አቅፋችሁኝ አለቀሳችሁ። እኔ አንድ ቃል እንኳ መናገር አቃተኝ። ያኔ ያልወጣልኝን እነሆ ጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ሳፋ ነው። አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ሌሊቱን ስሠራ አድሬ ገባሁ። የእህቴ ልጅ እንደ አገራችን ወግ እግሬን ልታጥበኝ ተንበረከከች። ተረከዜን ይዛ ድንገት ዝም አለች። «እቴቴ፣ ይሄ ጥቁር ነገር መቼ ነው የወጣብሽ?»

እኔ ረስቼው ነበር። ከዓመት በፊት አንድ ሐኪም አይቶት «ጫማ ነክቶዎት ደም ቋጥሮ ነው» ስላለኝ አርፌ ተቀምጫለሁ። እሷ ነርሲንግ ትማራለች። ደም ቢሆንማ እስካሁን ይጠፋ ነበር አለች። በማግስቱ ራሷ ደውላ የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ያዘችልኝ። ልጄ፣ የመጀመሪያው ምስጋና ያንቺ ነው። ዕድሜሽ ይርዘም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ጀርመን ውስጥ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 35 ዓመት የሞላው ሰው በየሁለት ዓመቱ የቆዳ ካንሰር ምርመራ ሲያደርግ የጤና መድኑ ይከፍልለታል። እኔ 19 ዓመት ኖሬ አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም። የፈረንጅ በሽታ ነው ብዬ ነዋ። በእኛ በጥቁሮች ላይ ግን ሜላኖማ የሚባለው ክፉ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያየው ቦታ ነው፤ በእግር ሥር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር። ሁላችን የምንወደው ቦብ ማርሌይ በ1977 እ.ኤ.አ. የተገኘበት በእግሩ አውራ ጣት ነበር። በ1981 ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። ይህን ሳውቅ ደነገጥኩ።

ሐኪሟ ካሜራ ያለው ማጉያ እግሬ ሥር አድርጋ ምስሉን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አሳየችኝ። የእግራችን ሥር ቆዳ ለካ እንደታረሰ ማሳ መስመር መስመር አለው። የአባቴ እርሻ ትዝ አለኝ። ቀለሙ ትልሙ ውስጥ ከተኛ ብዙውን ጊዜ አያሰጋም አለች። በትልሞቹ መካከል ባለው ከፍታ ላይ ከወጣ ግን ያሰጋል። የእኔው በግልጽ አይለይም ነበር። ስፋቱም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ ምስሉን አይቶ ካንሰር የመሆን ሥጋቱን በቁጥር ሰጠ። ዝቅተኛ ነበር። ተመስገን ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። «ይህ ፕሮግራም የተማረው በአብዛኛው በነጭ ሰው ቆዳ ነው። በእርስዎ ቆዳ ላይ ቁጥሩን ብቻ አላምንም።»

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 130 ሺህ በሚጠጉ ፎቶዎች አንድ ፕሮግራም አሠለጠኑ። ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር ሲያወዳድሩት ካንሰሩን በመለየት አላነሰም። በ2022 ደግሞ እዚያው ስታንፎርድ የጥቁር ሰዎችም ያሉበት 656 ፎቶ ተሰብስቦ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ተፈተኑ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ውጤታቸው ወረደ። ያላዩትን ከየት ያውቁታል?

ፎቶውን አስቀምጣ ቀጠረችኝ፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስኩ። ያን ቀን ኮምፒውተሩ እኔን ከማንም ጋር አላወዳደረኝም። የድሮውን ፎቶ ከአዲሱ ጋር ደረበው፤ ራሴን ከራሴ ጋር ማለት ነው። በአንድ በኩል ጠርዙ ወጣ ብሏል። በዓይን ቢሆን እኔም እሷም አናየውም ነበር። በዚያው ቀን ለምርመራ ቆርጣ ላከችው። ሜላኖማ ነበር። ጥልቀቱ ግን ገና 0.4 ሚሊ ሜትር።

ቀዶ ጥገናውን በአጭሩ ልለፈው። በዙሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምረው አወጡት፤ ከጭኔ ወስደው ሸፈኑት። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት አላስፈለገኝም። በጊዜ ስለተገኘ ነው።

ሐኪሜ፣ ቁጥሩን ስላላመንሽው አመሰግንሻለሁ። ይህን የእህቴ ልጅ ተርጉማ ታነብልሻለች። የማኅበራችን እናቶች፣ አጥሚታችሁና ምስር ወጣችሁ አንድ ቀን እንኳ ሳይቋረጥ ደጄ ደርሷል። ታክሲውን አቁሞ እያመላለሰኝ ሒሳብ ስሰጠው የተቆጣኝ ወንድሜ፣ ስሜን አትጻፊ ስላልከኝ ነው የተውኩት። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ፣ ስለትሽ ሰምሯል።

የማላውቃቸውንም ማመስገን አለብኝ። ሰውነታቸው ላይ የወጣውን ነገር ፎቶ አንሱት፣ ለሌላው ይጥቀም ብለው የፈቀዱ ሕሙማን አሉ። ያ ማሽን ከእነሱ ነው የተማረው። አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም ይሆናል። ነፍስ ይማር።

የመጨረሻው ቀጠሮዬ ላይ ሐኪሟ አንድ ወረቀት አቀረበችልኝ። የእግሬ ፎቶዎች፣ የፊተኛውም የኋለኛውም፣ ያለ ስሜ ለምርምር እንዲውሉ የምፈቅድበት ነው። እንደ እርስዎ ያለ ቆዳ በጣም ያንሰናል አለችኝ። የእህቴ ልጅ እያንዳንዱን መስመር ተረጎመችልኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ።