ባልደረቀ ልስን ላይ ስለተለጠፈ የግድግዳ ወረቀት የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ የቤት ውስጥ ማስዋቢያ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ጉዳዩ፦ የተበላሸው የሳሎን ግድግዳ ወረቀት እንዲነሣና ሥራው እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በሰኔ ወር ከመደብራችሁ ገዝተን በእናንተው ባለሙያዎች ያስለጠፍነው የሳሎን ግድግዳ ወረቀት ክረምቱ እንኳ ሳይወጣ ተነፋፍቶ መገንጠል ጀምሯል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠርዝ ተጠቅልሎ ወርዷል፤ በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያክሉ እብጠቶች ወጥተዋል። ጠርዙን ገለጥ አድርጌ ሳየው ጀርባውን ጥቁር ሻጋታ ወርሶታል። ይህንኑ በስልክ ሳመለክት የተሰጠኝ መልስ «ጥፋቱ የእኛ አይደለም፤ ቤታችሁ እርጥብ ነው» የሚል ነበር። ከወረቀቱ መገንጠል ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ መልስ ነው።

የግድግዳውን ሁኔታ አስቀድሜ የነገርኳችሁ እኔ ነበርኩ። ሠራተኞቻችሁ ልኬት ሊወስዱ ሄርማታ ወደሚገኘው ቤታችን ሲመጡ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ መሆኑን፣ የሲሚንቶ ልስኑም ገና በግንቦት መጨረሻ የተለሰነ መሆኑን አሳይቻቸዋለሁ። «እስኪደርቅ እንቆይ ወይ?» ብዬም ጠይቄአለሁ። ዎልፔፐሩ ዘመናዊ ስለሆነ ውሃ አያስገባም፣ ሐሳብ አይግባሽ ተባልኩ።

ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። የሸጣችሁልን ፊቱ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ቪኒል የሚባለው ዓይነት ነው። ቪኒል በእርጥብ ጨርቅ ስለሚወለወል ልጆች ለሚበዙበት ቤት ይመረጣል፤ ነገር ግን ውሃን ከውጭ የሚከለክለው ያው ፕላስቲክ ከግድግዳው የሚወጣውንም እርጥበት አያሳልፍም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን በደኅናው ወቅት እንኳ ቢያንስ አራት ሳምንት ያህል ሊተው ይገባል፤ በክረምት ከዚያም ይረዝማል። ሳይደርቅ ቪኒል ሲለጠፍበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በወረቀቱና በልስኑ መካከል ይቀራል፤ ማጣበቂያው ይላላል፤ ሻጋታውም እዚያው ማጣበቂያ ላይ ይራባል። ይህን ማወቅ የእናንተ ሙያ ነው። ጅማ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ብዙም የማይለያት ከተማ ናት፤ እዚህ የግድግዳ ወረቀት የሚሸጥ ሰው ስለ ቀለሙና ስለ አበባው ከመጠየቁ በፊት ስለ ግድግዳው ሊጠይቅ ይገባዋል። ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር፤ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ግድግዳው ላይ ማሳደር፣ በማግሥቱ ከሥሩ ጤዛ ከተገኘ ሥራውን ማቆየት ብቻ ነው። ለመቆየት ፈቃደኛ ነበርን።

በበሩ በኩል ያለውም ግድግዳ ደኅና አልሆነም። ሥዕሉ ከጎኑ ካለው ጋር እንዲገጥም ሲቆረጥ የሚባክነውን ሳትቆጥሩ፣ የግድግዳውን ስፋት በካሬ ሜትር ብቻ አስልታችሁ ጥቅሎቹን ስላመጣችሁ ወረቀቱ መሐል ላይ አለቀ። በኋላ የተጨመሩት ጥቅሎች ባች ቁጥራቸው፣ ማለትም በአንድ ዙር አብረው ለተመረቱ ጥቅሎች የሚሰጠው ቁጥር፣ ከመጀመሪያዎቹ የተለየ ነው፤ መለያ ወረቀቶቻቸውን አስቀምጫለሁ። ቀን ብርሃን ሲገባ አንዱ ወገን ክሬም፣ ሌላው ወደ ቢጫ ያዘነበለ ሆኖ ይታያል። የአንድ ግድግዳ ወረቀት ከአንድ ባች መሆን እንዳለበት ለባለሙያ አይነገርም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የእናቴ ጤና ነው። እናቴ የአስም ሕመምተኛ ናቸው። ሳሎኑን ያሳደስነው እርሳቸው እንግዳ የሚቀበሉበትና ቡና የሚያፈሉበት ደስ የሚል ክፍል እንዲኖራቸው ብለን ነበር። ሻጋታው ከታየ ወዲህ ክፍሉን ዘግተን ወደ ጓዳ አዛውረናቸዋል።

ስለዚህ ወረቀቱን በራሳችሁ ወጪ አንሥታችሁ ሻጋታውን እንድታጸዱልን እጠይቃለሁ። ይህ የእናቴ ጤና ጉዳይ ስለሆነ ክረምቱ እስኪወጣ ሊቆይ አይችልም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አትቸኩሉ፤ ግድግዳው በበጋው እስኪደርቅ ይቆይ፣ ድርቀቱም እኔ ባለሁበት ይፈተሽ። ያን ጊዜ እርጥበት የሚያሳልፍ ዓይነት ወረቀት፣ ሁሉም ከአንድ ባች፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይለጠፍልን። ይህን ለማድረግ ካልፈለጋችሁ የወረቀቱንና የእጅ ሥራውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ መልሱልን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበትም ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እኛ የተሰጠን መረጃ ትክክል አልነበረም።

እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከነማስረጃው ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። የክፍያ ደረሰኙን ቅጂ፣ የሁለቱን ባቾች መለያ ወረቀትና የግድግዳውን ፎቶግራፎች አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ
ሄርማታ፣ ጅማ