መስኮቱን ዝጋው

ጅማ፣ ሐምሌ 2017

ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንዴት ከረምክ? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ዱሮ ደብዳቤ ስንጽፍ የምንጀምረው እንዲህ ነበር፤ ሌላ መግቢያ ቢጠፋኝ ተመለስኩበት። ሦስት ዓመት ዝም ብሎ የከረመ ሰው ከየት ይጀምራል?

ያኮረፍኩት እኔ ነኝ። ለሰው “ሥራ በዝቶብኝ ነው” እላለሁ፤ ውሸት ነው። ያቺን ልጅ ክፍት መስኮት ላይ አስቀምጬ፣ ከጀርባዋ የጅሬንን ኮረብታ የሣልኩትን ታስታውሳለህ? የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንኳ በሩቁ ነበረበት። ፎቶውን ብልክልህ “ቆንጆ ነው፣ የቡና ፓኬት ላይ ይለጠፍ” አልከኝ። ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋሁት።

ሥዕሉ ኋላ ተሸጠ። የገዛው ሰውዬ የት እንደሰቀለው ታውቃለህ? ቡና ቤቱ ውስጥ፣ ከማሽኑ በላይ። አንድ ቀን ማኪያቶ አዝዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የሚገባ የሚወጣው ቀና ብሎ ኮረብታውን ያያል። ልጅቷን ያየ የለም። መስኮቱ ልጅቷን በልቷታል። ልክ ነበርክ፤ ይኸው በጽሑፍ ሰጠሁህ፣ ደስ ይበልህ።

አሁን እማዬን እየሣልኩ ነው። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር ቤቱ ይጨልማል። ብርሃን እንዳገኝ መንገድ ዳር ባለው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳትና “ልክፈተው?” አልኳት። “ንፋስ!” አለች። በቃ። የአዲስ አበባ አውቶብስ ውስጥ ሰው በላብ እየተጠመቀ “መስኮቱን ዝጋው!” እንደሚባለው። እውነቱን ልንገርህ? አባዬ ካረፈ ጀምሮ ያ መስኮት ተከፍቶ አያውቅም። አንተ ለቀብሩ የመጣህ ጊዜ እንደተዘጋ ነው። ስትጠየቅ ንፋስ ትላለች፤ እኔም አልጨቀጭቃትም።

ስለዚህ የተዘጋ መስኮት ልሥል ነው። ይሄኔ ነው ያ ሽፋኑ የተገነጠለ የሥዕል መጽሐፍህ ትዝ ያለኝ። አዎ፣ እኔ ጋ ነው። አልመልስልህም። አልቤርቲ የሚባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1435 ሥዕልን ከተከፈተ መስኮት ጋር ካመሳሰለው ወዲህ ስንቱ ሠዓሊ መስኮት ሲከፍት ኖሯል። ቤልጂየማዊው ሠዓሊ ማግሪት በ1933 መጥቶ ቀለደባቸው። መስኮት ፊት ሸራ አቆመ፤ ሸራው ላይ የሚታየው ራሱ ሸራው የጋረደው ዛፍና መስክ ነው። ወጣት ሳለን ለዚህ ሥዕል ስንት ሌሊት ተጨቃጨቅን! አሁን ሳየው ግን ብልጠቱ በዛብኝ። አንዴ ፈገግ ታሰኝሃለች፣ ገጹን ትገልጣለህ።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዱሻምፕ ነው ያልለቀቀኝ። በ1920 ኒው ዮርክ ውስጥ አናጺ አሠርቶ፣ ቁመቱ ሜትር የማይሞላ ባለ ሁለት ተከፋች መስኮት ሠራ። በስምንቱ መስታወት ቦታ ጥቁር ቆዳ ገባ። ቆዳው በየቀኑ እንደ ጫማ ይወልወል ብሏል አሉ፤ እኛ አገር ቢሆን ሊስትሮ ይቀጠርለት ነበር። ስሙ ላይም ተጫውቶበታል። በእንግሊዝኛ “ፍሬንች ዊንዶው”፣ የፈረንሳይ መስኮት፣ የሚለውን ፊደሉን ነካክቶ “ፍሬሽ ዊዶው” አደረገው፤ ባሏ በቅርቡ የሞተባት ሴት ማለት ነው። ዱሮ ይሄን ሳነብ ስቄ ነበር ያለፍኩት። አሁን ከእማዬ ፊት ቁጭ ብዬ አልሳቅ አለኝ።

ደግሞ አክሱምን አስብ። እነዚያ ትልልቆቹ ሐውልቶች ላይ በርና መስኮት በየፎቁ ተቀርጿል፤ ውስጡ ግን ድፍን ድንጋይ ነው። ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰው 24 ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ ፎቅ ቆጥረህ አንድም የሚከፈት መስኮት የለም። ዱሻምፕን በ1,600 ዓመት ቀደምነው ብዬ ልፎክር ነበር። ግን ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክት ናቸው። የእሱም መስኮት የመበለት ነው። የእማዬም።

የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቬርሜርን ደብዳቤ አንባቢ ልጅ ታስታውሳታለህ? መስኮቱ በሰፊው ተከፍቷል፤ ውጭው ግን አይታይም። የሚታየው መስታወቱ ላይ ያረፈው የልጅቷ ፊት ነው። በመጽሐፍህ ውስጥ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። ለካስ ከቬርሜር ሞት በኋላ ሌላ እጅ ቀለም ደርቦበት ኖሯል። ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ውስጥ ቀለሙን ፍቀው ሲያነሱት የፍቅር አምላኩ ኩፒድ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ አሳዩት። በስልኬ አየሁት። እኔ ግን ባዶውን ግድግዳ ነበር የምወደው፤ ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ባይነገረኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ አትስማማም፣ አውቃለሁ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከጀርመናዊው ሠዓሊ ከዱረር ነው። በ1500 ራሱን ፊት ለፊት፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን የሣለበት አለ አይደል? ዓይኑን አስጠግተህ እይ። መስኮቱ ከነመስቀለኛ እንጨቱ ብሌኑ ላይ ይታያል። ከጀርባው ምንም የለም፣ ጨለማ ነው። ትናንት ወደ እማዬ ፊት ተጠጋሁ፤ “ምን ያፈጥብኛል ይሄ ልጅ” አለችኝ። የእኛ መስኮት እንጨት ነው፣ መስታወት የለውም። መዝጊያዎቹ ግን አርጅተው በመካከላቸው ጣት የማያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ብርሃኑ በዚያ ይገባል። ብሌኗ ላይ ያለው ያ ብቻ ነው፤ አንድ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር፣ ወደ ታችኛው ጫፉ ትንሽ የተንጋደደ። መዝጊያው ስለዘመመ ነው።

ስለዚህ መስኮቱን ራሱን ከሥዕሉ አወጣሁት። መስመሯን ነው የምሥለው። እስካሁን አራት ጊዜ ሞክሬ አራቴ ፍቄያታለሁ። ወይ ትወፍርና የእንባ ትመስላለች፣ ወይ ትቀጥንና ትጠፋለች። በቀጭኗ ብሩሽ፣ አንዴ ትንፋሽ ይዤ መሳብ አለብኝ። ነጭ ዘይት ቀለሜም እያለቀ ነው፤ እዚህ የማገኘው ቶሎ ቢጫ ይሆንብኛል። ስትመጣ ሁለት ቲዩብ ያዝልኝ፣ ሒሳቡን እሰጥሃለሁ። ትመጣለህ አይደል? ሥዕሉን በፎቶ አልልክልህም፤ በፎቶ የደረሰብኝን ታውቃለህ።

እማዬ እየጻፍኩልህ እንደሆነ ስነግራት ብዙ ሳመችህ። አውቶብስ ውስጥ መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጥም ንገረው ብላለች።

አብሮ አደግህ