ስለ ዓሣ ዱቄቱ ጉዳይ ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የቅዳሜው ስብሰባ በትምህርት ቤቱ የልጆች ገንፎ ላይ የደረቀ ዓሣ ዱቄት የመጨመሩ ወሬ ሳያልቅ ነው የተበተነው፣ ግማሾቻችሁም ስላልነበራችሁ በቴሌግራም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው፣ ከረዘመ ይቅርታ።

አንድ አባት "እርዳታ ከሆነ ስንዴና ዘይት አይሻልም? ዓሣ ምን ያደርግላቸዋል?" ብለው ነበር። ጥያቄው ልክ ነው። ግን እስቲ እዩት፣ ከገጠር ቀበሌዎቹ በእግራቸው የሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ጠዋትም ማታም ቆጮ ወይ በቆሎ ነው የሚበሉት፣ ቆጮ ደግሞ (እኔም ያደግኩበት ነው፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም) ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ልጁ ጠግቦ ያድራል ግን ቁመቱ አይጨምርም። ጤና ጣቢያዎች መቀንጨር የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተሰራው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 37 ከመቶው ቀንጭረዋል። ስንዴ ብንጨምርላቸው ያው ሆድ ነው የሚሞላው።

ዓሣ ከነአጥንቱ ደርቆ ሲፈጭ ግን ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ቫይታሚን ቢ12ቱም አብሮ ይመጣል፣ በገንፎው እህል ውስጥ ያለውን አይረንም ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ፣ ፊሌቶው ይወጣና ጭንቅላቱና አጥንቱ ለአባ ኮዳ ይጣላል፣ እውነቴን ነው አሞራው ከልጆቻችን የተሻለ እየበላ ነው።

አንድ ነገር ላልደብቃችሁ፣ የመጀመሪያውን ዙር ያበላሸነው እኛው ነን። ዓሣውን መሬት ላይ ሸራ አንጥፈን አሰጣነው፣ ዝንብ ወረረው፣ ሸተተ፣ ሁሉንም ቀበርነው። አሁን ከመሬት ከፍ ያለ የወንፊት ሽቦ ቆጥ ሰርተናል፣ ከላይ በመረብ ይሸፈናል፣ ለልጅ ስለሆነ ጨው አናበዛም፣ ከተፈጨ በኋላም እሾህ እንዳይቀር ሁለቴ ይነፋል።

የምንጠቀመው ቆሮሶ (ቅርፊት ያለው ዓሣ) ብቻ ነው፣ አምባዛ ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ ቤተሰቦች ስላሉ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ገንፎው ላይ ለአንድ ልጅ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይገባል፣ ረቡዕና ዓርብ የለም፣ በአጽዋማት ሰሞን ደግሞ ልጃቸው እንዳይበላ ለሚፈልጉ ዓሣ የሌለበት ድስት ለብቻው ይሰራል። ዓሣ በልቶ ከንፈሩ ያበጠ ወይ ሰውነቱን ያሳከከው ልጅ ካላችሁ አሁኑኑ ንገሩን፣ እንዳታፍሩ።

ቤት ውስጥ ከ6 ወር በላይ ህፃን ላላቸው የገጠር ቤተሰቦች ዱቄቱን በከረጢት እንሰጣለን፣ አጥሚት ወይ ገንፎ ውስጥ አብስላችሁ ስጡ። ጥሬ ዓሣ ግን ለልጅ በፍጹም፣ ትልቁ ሰው በዳጣ ሲበላው አይቶ ያምረዋል፣ ጥገኛ ትል አለበት። ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽኗ የህፃኑን ክንድ ስትለካ ሪባኑ ቀይ ላይ ከዋለ፣ ማለትም ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ፣ ዓሣው ይቆይና ልጁን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ እዛ ሌላ ህክምና አለው።

ሽታው ዩኒፎርም ላይ ይቀራል ያላችሁኝ እናት፣ ልክ ነዎት፣ ይቀራል። የመመገቢያ ሽርጥ እያሰፋን ነው፣ ቁራጭ ጨርቅ ያላችሁ አምጡልን።

የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ለክፍል አስተማሪው ላኩ፣ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ቢሮ ብቅ በሉ አብረን እንሞላዋለን። ወረቀቱ ያልደረሰን ልጅ የሚበላው ዓሣ የሌለበትን ገንፎ ነው።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ሀዋሳ