ቀሚስ አይደለም

ይድረስ ለባቲው ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በደብዳቤ ብቅ ማለቴ ይገርምህ ይሆናል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልህ አታምነኝም። እውነቱን ልንገርህ። የአባትህን፣ የአባባን ማረፍ እንደሰማሁ ልደውልልህ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሐዘኑ አለፈ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል? እያደር ስልኩ እየከበደኝ ሄደ። አላህ ይርሐማቸው። ይቅር በለኝ።

አሁን የምጽፍልህ ግን በልብስ ምክንያት ነው። አትሳቅ።

ኤድንብራ እንደምኖር ታውቃለህ። አብሮኝ የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ሊያገባ ነውና ሚዜ ሁነኝ አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጠል አድርጎ "ሁላችሁም ኪልት ነው የምትለብሱት" ሲል ደስታዬ እዚያው ቀዘቀዘ። ኪልት አይተህ ታውቃለህ፤ ከኋላው ሽንሽን፣ ጉልበት ላይ የሚያበቃ፣ መስመር በመስመር የሆነ የሱፍ ልብስ። ሌላው ሲለብሰው ሁሌ አያለሁ፤ ለሠርግ፣ ለራግቢ፣ ለምረቃ። በእኔ እግር ላይ ግን አስቤው አላውቅም። እግሬን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ የሽመላ ነው።

የሚያከራይ ሱቅ ሄድን። አንድ ሽማግሌ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የወገቤን ቁጥር ጠየቁኝ። የጂንሴን ነገርኳቸው። ሳቁና ሜትሩን እምብርቴ ላይ አዞሩት። ለካ የሚታሰረው እዚያ ነው። ጫፉ ደግሞ የጉልበት ሎሚ መሃል ላይ ማረፍ አለበት። ጨርቁ በየጎሳው የተለያየ ስለሆነ የማን ወገን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የማንም አይደለሁም ስላቸው "ብላክ ዎች" የሚባለውን፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊና አረንጓዴውን አወጡልኝ። የክፍለ ጦር ነው፣ ጎሳ የሌለው ሁሉ ይለብሰዋል አሉ። ክብደቱን አትጠይቀኝ! ሰባት ሜትር የሚሆን ሱፍ ነው ወገብህ ላይ የሚጠመጠመው።

የሠርጉ ቀን ብቻዬን ስለብስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ሽንሽኑን ወደፊት አድርጌ ለበስኩት። መስታወት ፊት ቆሜ የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይታወቀኛል፣ ምኑ እንደሆነ ግን አልገባኝም። አዙሬ ታጠቅኩት። ከታች በኩል የምትሰካዋን መርፌ ቁልፍ ደግሞ ላይኛውንና ታችኛውን ጨርቅ አያይዤ ጠረቅኩባት። እርምጃዬ ለምን እንዳጠረ የገባኝ በኋላ ሙሽራው አይቶኝ ሲስቅ ነው። የምትሰካው ላይኛው ላይ ብቻ ነው። ኪስ የሚባል ነገር የለውም። ስልኬን ልከት እጄን ወደ ጎኔ ሰድጄ ጭኔን ዳበስኩ። ለዚህ ነው ከፊት የቆዳ ቦርሳ የሚያንጠለጥሉት። ካልሲው ውስጥ ደግሞ ትንሽ ቢላዋ ትሻጣለች። የባህል ልብስ አካል ስለሆነች ሕጉም ይፈቅዳል። አፋሮቹ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ጊሌያቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲወርዱ ታየኝ።

ከሥር ምን ለበስክ ልትለኝ ነው አይደል? ሁሉም ሰው ይጠይቃል። ለብሼ ነበር። የዚህን አገር ነፋስ ብታውቀው አንተም ትለብስ ነበር።

በሩን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ደረጃው ላይ የነበረችው ጎረቤቴ እስክትገባ ጠበቅኩ። ከዚያ ወጣሁ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስድስት ሰባት ሰው ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም! ያን ያህል ተጨንቄ አንድ የሚያፈጥብኝ ሰው እንኳ መጥፋቱ ትንሽ ሳይከፋኝ አልቀረም። አንዲት አሮጊት ብቻ "አምሮብሃል ልጄ" ብለውኝ ወደ ስልካቸው ተመለሱ። አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ሱሪ ለባሽ ዘፍ ብዬ ስቀመጥ የወንበሩ ቅዝቃዜ ጭኔን አገኘውና ብድግ አልኩ። እናቶቻችን ሲቀመጡ ቀሚሳቸውን ከኋላ በእጃቸው የሚሰበስቡት ለምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ።

ፕሪንስስ ስትሪት ጫፍ ስወርድ ነፋሱ ሽንሽኑን እንደ ጃንጥላ ሊገለብጠው ምንም አልቀረው። በሁለት እጄ ይዤ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር ተጠለልኩ። ከመቅደላችሁ የተዘረፈው አንዱ ታቦት የተገኘው እዚያ ነው፣ በ2001 በፈረንጆች። በዓመቱ አገሩ ገባ። የወሎ ታቦት በተቀመጠበት ግንብ ሥር ቆሜ ካልሲ ስጎትት ራሴን ታዘብኩት።

ድግሱ ላይ የሙሽራው አጎት አጠገብ ተቀመጥኩ። ደግ ሰው ነው፤ ዊስኪ ሲቀምስ ደግሞ ታሪክ ይወዳል። እሱ እንደነገረኝ፣ በ1746 በፈረንጆች በንጉሡ ላይ ያመፁት የስኮትላንድ ደገኞች ካሎደን በተባለ ውጊያ ከተሸነፉ በኋላ መንግሥት የደገኛውን ልብስ በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር እስራት፣ ከደገመ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ግዞት። የተፈቀደው ለወታደር ብቻ ነበር። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራ ሲመጡ ራሳቸው ኪልት ለብሰው ታዩ፣ ከሥሩ ሮዝ ታይት አድርገው። እኛ ጋ ደገኛው ነው በቆለኛው አለባበስ የሚስቅ። እዚህ የሚሳቅበት ደገኛው ነበር። ከዚያ የሳቀው ከተሜ ሁሉ ለሠርጉ እሱኑ ለበሰ።

ከዚያ ጭፈራ ሆነ። ክንድ ለክንድ ተያይዘህ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተወረወርክ ትሽከረከራለህ። ሱፉ አላበኝ እንጂ ሽንሽኑ ሲዞር ደስ ይላል፣ አልዋሽህም።

ማታ ፎቶውን ለቤተሰብ ላክሁ። እህቴ ወዲያው "ቀሚሱ ተስማማህ" አለችኝ። እናቴ ግን ደወለች። "ልጄ፣ ምን አገኘህ? ሱሪ ጠፋ?" "እማዬ ቀሚስ አይደለም፣ እንደ ሽርጥ በለው" አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ "እንዴ፣ እንደዚያ እንደ ባቲው ጓደኛህ?" አትለኝም!

ያን ቀን ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ረስቼው ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነን፣ ቅዳሜ፣ ዶርም ውስጥ። ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ያቺን ቡናማ ሽርጥህን እንደታጠቅክ ተነሳህ። አባባ የሰጡህን። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ "ቀሚስህን ቀይር እንጂ፣ ከአንተ ጋር እንዲህ አልሄድም" አልኩህ። ሁሉም ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ዞር ብለህ ሱሪ ለበስክ፣ ሽርጧን አጣጥፈህ ሻንጣህ ታች ከተትካት። እስክንመረቅ ድረስ ለብሰሃት አላየሁም።

ከእናቴ ጋር ከጨረስኩ በኋላ ኪልቱን ሳልፈታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። የአባባን ለቅሶ ያለመድረሴ ላይ ይህን ስደምርበት ዕዳዬ በዛ።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሰኞ ገበያ ስትወጣ አንድ ሽርጥ ግዛልኝ፣ እንደዚያ እንደ ቡናማዋ ካለ። ቁመቴን ታውቀዋለህ። ገንዘቡን እልክልሃለሁ፣ እንቢ እንዳትል። አስተሳሰሩን ደግሞ በቪዲዮ አሳየኝ፣ ብቻዬን ከሆንኩ የፊቱን ወደኋላ ነው የማደርገው። እሁድ እደውላለሁ። ካላነሳህ እንደገና እደውላለሁ።

እማማን ሳምልኝ።

ያው ጓደኛህ፣ ከኤድንብራ