ይቅርታሽን እየለመንኩ፣ ስለ ኪሎም ላውራሽ

የኔ ቆንጆ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል እንደሚገርምሽ አውቃለሁ፣ ብትቀየሚኝም እውነትሽን ነው። ስትደውዪ የማላነሳው ጠልቼሽ አይደለም፣ ቪዲዮ ኮል ስለነበር ነው። ያኔ በጣም ወፍሬ ነበር፣ ፊቴን አይተሽ ምን ሆነሽ ነው እንዳትዪኝ ፈራሁ፣ ያላነሳሁት ስልክ ሳምንት ሆነ ወር ሆነ ከዛማ በምን አፌ ልደውል። ይቅር በይኝ እህቴ።

አሁን ያስጻፈኝ ከታላቅሽ የሰማሁት ነገር ነው። ሐኪሙ ክብደት ቀንሺ ብሎሽ እራት መብላት አቁመሻል አሉ። እኔም እንደዛ አድርጌያለሁ፣ ሁለት ሳምንት በባዶ ሆዴ ተኛሁ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ተነስቼ ያገኘሁትን ሁሉ በላሁ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እባክሽ ተዪው።

እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። አፕም አለ ግን ለእኔ ደብተር ይሻለኛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳልቀንስ የበላሁትን ብቻ ጻፍኩ፣ ስበላ እዛው፣ ማታ ላስታውስ ካልሽ ግማሹ ይጠፋል። ቅምሻ አለ፣ ልጆቹ ያስተረፉት አለ፣ ሻይ ላይ የሚገባው ስኳር አለ፣ እነዚህን መብላት ብዬ ቆጥሬያቸው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ወጥ ልሰራ ዘይቱን እንደልማዴ በግምት ድስቱ ውስጥ ካንቆረቆርኩ በኋላ ምን ያህል ነው ብዬ መልሼ በሾርባ ማንኪያ ለካሁት፣ 5 ማንኪያ! አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው፣ በቃ 600 ካሎሪ ገና ሌላው ሳይገባ። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ግን 4 4 ናቸው፣ ለዛ ነው ዘይት ላይ በአይን መገመት የሚያሳስተው። አሁን 2 ማንኪያ አደርጋለሁ፣ ከቤት ሰው አንድም ያወቀብኝ የለም።

ስፖርቱን በተመለከተ ትልቁ ስህተቴ ግማሽ ሰዓት ዎክ አድርጌ እንደ ሽልማት ብስኩት መብላቴ ነበር። ግማሽ ሰዓት መራመድ ለአብዛኛው ሰው ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ቢያቃጥል ነው፣ ሁለት ሦስት ብስኩት ይመልሰዋል፣ እጅሽ ላይ ያለው ሰዓት የሚነግርሽንም ቁጥር አትመኚው ብዙ ጊዜ ያበዛዋል። ግን ስፖርቱን ተዪ ማለቴ አይደለም! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ ይላል። ይሄ ሁለተኛው እንዳይቀርብሽ፣ ኪሎ ሲቀንስ ጡንቻም አብሮ ይሄዳልና። እኔ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ ግድግዳ ይዤ ፑሽ አፕ እሰራለሁ፣ እሱንም ከምግቡ ጎን እጽፈዋለሁ።

ሚዛን ላይ ወጥተሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ። አንድ ቀን ጨው የበዛበት እራት በልቼ ጠዋት ስመዘን 1 ኪሎ ከ300 ጨምሬ አገኘሁት፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ውሃ ነው እኮ! 1 ኪሎ ስብ ለመጨመር ወደ 7,700 ትርፍ ካሎሪ ያስፈልጋል፣ በአንድ እራት አይመጣም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ተመዝኜ የሳምንቱን አማካይ ብቻ ነው የማየው። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ከቀነሰ በቂ ነው፣ የኔ ከዛም በታች የሆነባቸው ሳምንቶች ብዙ ናቸው፣ በ10 ወር 9 ኪሎ ነው የቀነስኩት።

አንድ ነገር ግን፣ መጻፉ ጭንቀት ከሆነብሽ፣ ሰው ቤት ተጠርተሽ መብላት ካስፈራሽ፣ አቁሚ። እኔ አንድ ወር አቁሜ ነው የተመለስኩት። የደም ግፊት ወይ የስኳር መድኃኒት ከጀመርሽም አመጋገብሽን ከመቀየርሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው፣ ኪሎ ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ዛሬ ማታ ግን እራትሽን ብዪ። ከነገ ጀምሮ የ3 ቀን ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ሳታሳምሪ፣ እኔም የራሴን እልክልሻለሁ። እሁድ እደውላለሁ፣ በቪዲዮ።