የሥነ ሕይወት ክበብ የ2017 ዓ.ም. የሥራ ዘገባ

ክበባችን በዚህ ዓመት የያዘው ጉዳይ በአንጀታችን የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከልብ ጤና ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። የሥራው መነሻ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «እንጀራ ስንበላ ሊጡን ያቦኩትን ባክቴሪያዎችም በሕይወት እንበላቸዋለን ወይ?» ስትል ያቀረበችው ጥያቄ ነበር።

ከቡኮው ላይ የተቀዳ ቢጫ እርሾ በሜቲሊን ብሉ ቀለም አስነክተን በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ ዘንግ መሳይ ባክቴሪያዎችና ከእነርሱ ተለቅ ያሉ ይስት የተባሉ ፈንገሶች ታዩን። የምጣዱ ሙቀት ግን ስለሚገድላቸው የተማሪዋ ጥያቄ መልስ «አንበላቸውም» የሚል ሆነ። እርጎ ግን ሳይበስል የሚበላ በመሆኑ ባክቴሪያዎቹ በሕይወት ይደርሱናል። ስለዚህ የፈላ ወተት አቀዝቅዘን፣ ማንኪያ እርጎ ጨምረን፣ አንዱን በወይራ በታጠነ፣ ሌላውን ባልታጠነ ዕቃ አስቀመጥን፤ የታጠነው ዘግይቶ ረጋ። ሙከራው የተደረገው ዐቢይ ጾምና ረመዳን በገጠሙበት ሰሞን ስለነበር ቀማሽ አጣን፤ ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነኝና ጥፋቱም የእኔ ነው።

ጾሙ ግን ውይይታችንን ወደ ዋናው ነገር መራው። በባቄላ፣ በምስርና በገብስ ውስጥ የሚገኘውን፣ እኛ የማንፈጨውን አሰር የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች አብላልተው አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አጫጭር የስብ አሲዶችን ያመነጫሉ፤ እነዚህም የአንጀትን ግድግዳ ከመመገባቸው በላይ የሰውነትን ብግነትና የደም ግፊትን በመቆጣጠር ረገድ ድርሻ አላቸው። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ጉበት ከኮሌስትሮል የሚሠራውን የሐሞት ጨው ስለሚሰብሩ ከፊሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል። በሌላ በኩል በቀይ ሥጋ ውስጥ ካለው ካርኒቲን ባክቴሪያዎች የሚሠሩትን ውሁድ ጉበት ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለውጠዋል። መጠኑ በደማቸው ከፍ ያለ ሰዎች ለልብ ድካምና ለስትሮክ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው የተገኙ ሲሆን፣ በአሜሪካ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሥጋ የማይበሉት ሰዎች ከሚበሉት ያነሰ ቲ.ኤም.ኤ.ኦ. ማመንጨታቸውን አሳይተዋል። ይህን የሰሙ ልጆች ጾሙን ብቻ መድኃኒት ሊያደርጉት ሲሞክሩ፣ በሽሮው ላይ የሚፈሰው ዘይትና የሚነሰነሰው ጨውም በሒሳቡ እንደሚገቡ አስታወስኋቸው።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ብዙ ያከራከረን ለሚኒ ሚዲያ የተዘጋጀው ጽሑፍ ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ «እርጎ የልብ በሽታን ያድናል» ይል ስለነበር እንዲነበብ አልፈቀድሁም፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ወላጅ ያለው ተማሪ ሰምቶት ቤት ሊያደርሰው ይችላልና። ሁለት ሳምንት ተከራክረን «እርጎና ጥራጥሬ ልብን ለሚጠቅም አመጋገብ ይረዳሉ፤ የሐኪም መድኃኒት ግን አይተኩም» በሚለው ተስማማን።

የወይራው ጭስ እርጎውን ለምን እንዳዘገየው በ2018 ዓ.ም. የአሲድነትን መጠን በሚያሳይ የፒኤች ወረቀት በየሰዓቱ እየለካን እንከታተላለን፤ ሙከራውም በጥቅምት፣ ቀማሽ በማይጠፋበት ወር፣ ይደረጋል።