ውሳኔውን ለብቻው አንብቢው

ይድረስ ለዳኛዋ ልጄ፣

አንድ መዝገብ «ፍርዱ ተሠርቶ ስላላለቀ» እያልሽ ሦስት ጊዜ በቀጠሮ ማስተላለፍሽን ሰማሁ። የነገረኝ ሰው ለክፉ አልነበረም፤ እኔ ግን ከፋኝ። እኔም ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የቀሩኝን ፍርዶች እየጻፍኩ ነውና ነገሩ ከእጄ ላይ ነው።

የማስቀድመው ምስክር የሰማሁባቸውን ነው። የሚተካኝ ዳኛ ቃላቸውን የሚያገኘው ከወረቀት ነው፤ ምስክሩ ከተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣበት ዝም ያለውን ግልባጩ አይነግረውም። አንቺም እንደሰማሽ ጻፊ።

ክስና መልሱን ቃል በቃል አትገልብጪ፤ ፍርድ የሚጎተተው እዚያ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 182 የሚጠይቅሽ ጭብጡን (የሚያከራክረውን ነጥብ)፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን ነው። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ቁጥር 149 አለ፦ ማስረጃው ባጭሩ፣ የተቀበልሽበት ወይም የጣልሽበት ምክንያት፣ ጥፋተኛ ካልሽም አንቀጹ። «ምስክሮቹ እንደ ክሱ አስረድተዋል» ምክንያት አይባልም። ማን ምን አየ? የት ቆሞ?

ከሁሉ በላይ «ውሳኔ» ከሚለው ርዕስ በታች ያለውን ለብቻው አንብቢው። ፍርዱን የሚያስፈጽመው ዳኛ ሐሳብሽን አይገምትልሽም። «ተከሳሽ ገንዘቡን ከነወለዱ ይክፈል» ስትዪ፣ ወለዱ ከመቼ? ክሱ ከቀረበበት ወይስ መክፈያው ካለፈበት? ሕጋዊውን 9 በመቶ ከሆነ ያሰብሽው፣ 9 በመቶ ብለሽ ጻፊ። የሚጀምርበትን ቀን ከነዓመቱ፣ «ተከፍሎ እስኪያልቅ» የሚለውንም ጨምሪ። ተከሳሾቹ ሁለት ከሆኑ በአንድነትና በነጠላ (ሙሉው ከአንዱም ሊጠየቅ) ነው ወይስ እየድርሻቸው? የክርክሩን ወጪና ኪሳራስ? «ግራ ቀኙ ይቻቻሉ»፣ ማለትም ሁሉም የየራሱን ይቻል፣ ካልሽ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር አስቀምጪ። አንድ ፍርዴ ወለዱ የሚጀምርባት ቀን ጎድላው የተፈረደላት ሴት ሌላ ክርክር ገባች። አሁን ላስተካክለው አልችልም።

መነጽርሽን አሠሪ፤ ራስ ምታት እያልሽ ማታ ማታ አትጻፊ።

ከድሮ ፍርድ ላይ ቀድተሽ ከጀመርሽ የቀድሞ ተከራካሪዎችን ስም ፈልገሽ አጥፊ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ታች፣ ውሳኔው ውስጥ ነው። ለዚህም ነው ለብቻው አንብቢው የምልሽ። አብረውሽ ከሚሰየሙት ዳኞች በሐሳብ ከተለየሽ ደግሞ መጀመሪያ የምትስማሙበትን ፍሬ ነገር፣ ቀጥሎ የተለያችሁበትን ነጥብ አሳዪ። አብሮሽ የተቀመጠውን ዳኛ አትዝለፊ፤ ነገ አብረሽው ትሰየሚያለሽ።

መዝገቡን ለእኔ እንዳታሳዪኝ። ዳኛዋ አንቺ ነሽ፣ እኔ አባትሽ ብቻ ነኝ። አራተኛ ቀጠሮ ግን እንዳልሰማ።

አባትሽ